ነጭ የቀባሁት ዛፍ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እትዬ? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? ያንን ጀሪካን ብቻሽን ማንሳት ተይ ብዬሽ ነበር፤ አንቺ ግን ምክር የምትሰሚው ከመካሪው ጋር ለመጨቃጨቅ ነው። የእማማ ዓይንስ ተሻላት? አናጢው ባልሽ ዛሬም ሚስማር በአፉ ይዞ ነው ወይ የሚያወራው? ልጆቹንስ ጉንፋኑ ለቀቃቸው? እኔ ለጤናዬ ተመስገን ነው። ያቅለሸልሸኛል ብልሽ የሆድ በሽታ እንዳይመስልሽ፤ ምክንያቱን አሁን እጽፍልሻለሁ።

ከአለቃው ተጣልቶ ሥራ ለቀቀ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። ወሬው እኔን ቀድሞኝ ቤት መድረሱ ገርሞኛል። እውነት ነው። ሌላ ሰው ጨማምሮ ሳያወራሽ ግን እኔው ከሥሩ ልንገርሽ።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ቀለምና ብሩሽ ይዤ ደን ለደን እዞራለሁ፤ የሚቆረጠውን ዛፍ ቀይ፣ የሚተወውን ነጭ እቀባለሁ። መጋዝ የያዙት ከኋላዬ ይመጣሉ። ነጭ የተቀባን ዛፍ ማንም አይነካም፤ በእኛ መሃል ይሄ እንደ መሐላ ነው። ሌላው ቀርቶ ነጭ በተቀባ ግንድ ላይ ምሣር የሚደገፍ ሰው እንኳ ይቆጡታል።

አምና አዲስ አለቃ መጣልን። ሠራተኛው “መጥረጊያው” ይለዋል። ወፍ ለማየት ለሚመጡ እንግዶች ደኑን አዘጋጅ ተብሎ የተላከ ሰው ነው፤ ገና ከመግባቱ ያዘዘው ግን አጽዱት ብሎ ነው። የደረቀውን ዛፍ ቁረጡ፣ የወደቀውን ግንድ አውጡ፣ ቁጥቋጦውን መንጥሩ፣ ቅጠሉን ጥረጉ። ደን ውስጥ ቅጠል ጥረጉ ይልሻል፤ የቤቱ ሳሎን መስሎት መሰለኝ። ግንደ ቆርቁር ትሉን የሚለቅመው ከደረቀ ዛፍ ነው፤ ደረቁ ሲሄድ እሱም ሄደ። ድኩላዋ መደበቂያዋ ሲመነጠር ግራ ገብቷት መንገድ ላይ ቆማ ስታየን ሰነበተች፣ ከዚያ ጠፋች። ጉጉቷ ማደሪያ አጥታ ቢሮው ጣሪያ ሥር ብትገባ የጽዳቷ ሴትዮ ሟርት ነው ብላ በእንጨት አባረረቻት። እንዲህ እንዲህ እያለ ደኑ ጭጭ አለ። ጠዋት ስገባ የምሰማው የራሴን ቦት ጫማ ብቻ ሆነ።

መጥረጊያው ዝምታው ሲያሳፍረው ተሠርቶ ያለቀ የወፍ ቤት በመኪና አስጭኖ አመጣ። ባልሽ ቢያየው በሳቅ ይፈነዳ ነበር። ቢጫና ሮዝ ተቀብቷል፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ሁሉም ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ከሰው ደረት እኩል ተቸንክሯል። ለፎቶ እንዲመች ነዋ። ፀሐይ ሲያርፍበት እጅ ያቃጥላል፤ ተርብ እንጂ ወፍ ዝር አላለበትም።

የቀረን አንድ ተስፋ ነበር። ዋናው በር አጠገብ ጫፉ የደረቀ፣ ሆዱ ባዶ የሆነ አሮጌ ዛፍ አለ። እዚያ ውስጥ ምንቃሯ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር ያላት ትልቅ ወፍ ገባች። ወፎችን የምታጠና አንዲት ባለሙያ መጥታ ጉዳዩን አስረዳችን። ሴቷ እንቁላል ልትጥል ስትል ቀዳዳው ውስጥ ትገባና በሩን በጭቃ ትመርገዋለች፤ ምንቃር የሚያሾልክ ስንጥቅ ብቻ ትተዋለች። እዚያው ሆና የክንፏ ላባ ይረግፋል፣ እስኪበቅልላት መብረር አትችልም። ፍሬ እየለቀመ በስንጥቁ የሚያጎርሳት ባሏ ነው። ባለሙያዋ፣ ጫጩት ተፈልፍላ ክንፍ እስክታወጣ ይህ ዛፍ አይነካ አለች፤ መጥረጊያውም እሺ አለ። እኔም ግንዱን ዙሪያውን ነጭ ቀባሁት።

ሠራተኛው እንዴት እንደወደዳቸው ልነግርሽ አልችልም። መጋዝ የሚይዘው ጓደኛዬ በዚያ ሲያልፍ ሞተሩን ያጠፋል። ምግብ አብሳያችን ወንዱን “አባወራው” አለችው፤ የእኔው ሰውዬ ሽንኩርት ብለው ጨው ይዞ ይመጣል፣ ይሄ ግን ሳይላክ ያመጣል እያለች ታስቃለች። የጫጩቷ ድምፅ ከውስጥ የተሰማ ቀን ምሳችንን ትተን ዛፉ ሥር ቆመን ዋልን።

ትልልቅ እንግዶች ሊመጡ ነው በተባለ ሰሞን መጥረጊያው በሩ ላይ ቆሞ ሽቅብ አየና፣ ይሄ ደረቅ ነገር ገጽታችንን ያበላሻል፣ ቀይ ቀባው አለኝ። ወፏስ አልኩት። “ወፍ ክንፍ አላት፣ ትበራለች” አለኝ። ሳያውቅ ቢለው እኮ ይቅር እለው ነበር። ባለሙያዋ ስታስረዳ አጠገቤ ቆሞ ሰምቷል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ ጭቃዋና ስለ ስንጥቋ እያስጎመጀ የሚያወራውም እሱ ነው። ጥቂት ሳምንት ብቻ ታገሠን ብዬ ለመንኩት። ወፏ ትጠብቅ ይሆናል፣ እንግዶቹ ግን አይጠብቁም አለኝ። ነጭ ላይ ቀይ አልቀባም ስለው ብሩሹን ነጥቆ ራሱ ቀባው። ቀለሙ ጫማው ላይ ሲንጠባጠብበት ደግሞ እግሩን ዘርግቶልኝ ጥረግልኝ አለ። አልጠረግኩለትም እትዬ።

ጓደኛዬ ቆረጠው። ልጆች አሉት፣ አልፈርድበትም። ዛፉ ወድቆ ሲሰነጠቅ እናቲቱ በተራገፈ ክንፏ ለመነሳት ታገለች፣ ወዲያው ሞተች። ጫጩቷን ምግብ አብሳያችን በሻሿ ጠቅልላ ምድጃው አጠገብ አስተኛቻት፤ ከሰዓት በኋላ እሷም አለፈች። መጥረጊያው ያለው፣ እንግዳ ሳያይ ቶሎ ቅበሩ ነው።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። አባወራውም ፍሬውን በምንቃሩ ይዞ መጣና ጉቶው ላይ አረፈ። ሰው ሲከበው አልሸሸም። ያ ሁሉ ሰው ስልኩን አውጥቶ ያነሳው ጀመር። መጥረጊያው ደረቱን ነፍቶ፣ ካጸዳነው ወዲህ ወፎቹ ሰው መፍራት ትተዋል አላቸው። እኔ አላስቻለኝም። “ሚስቱን እየፈለገ ነው። ትናንት ነው የገደልናት” አልኩ። መጥረጊያው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ ይሄ ልጅ ቀልዱ አያልቅም ሲላቸው ሳቁ። ሳቁ እትዬ። ሰው መሆኔ ራሱ ቀፈፈኝ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ቢሮ ጠርቶኝ የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን፣ ወፉ ሰው ወዷል፣ ከነገ ጀምሮ ጉቶው ላይ ፍሬ እያስቀመጥክ አለማምደው አለኝ። ቀለሙንና ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። ጠብ የተባለው ይኸው ነው።

አሁን ያለሁት መጋዝ የሚይዘው ጓደኛዬ ቤት ነው። ሌላ ሥራ እስካገኝ እማማ አትስማ። እሷን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለባልሽ፣ ዕቃውን ሰብስቦ ይጠብቀኝ፣ ምናልባት አብሬው መላጊያ ልገፋ እመጣለሁ በዪው። ትልቋ ልጅሽ በትምህርቷ እንድትበረታ፣ ትንሹ ጥፍሩን መብላት እንዲተው ንገሪልኝ። ጎረቤትሽን ልብስ ሰፊዋንም ሰላም በያት።

ልዘጋው ስል ምግብ አብሳያችን ልትጠይቀኝ መጣች። ፍሬ የማስቀመጡ ሥራ ለእሷ ተሰጥቷል። አባወራው ይመጣል ወይ ብላት አንገቷን ደፋች። ይመጣል፣ ፍሬውንም ያነሳል፣ ግን አይበላውም አለችኝ። በምንቃሩ እንደያዘው የሚያጎርስበትን ስንጥቅ እየፈለገ ጉቶውን ይዞራል፤ እንግዶቹም ያጨበጭባሉ።

ወንድምሽ

ከደን ሠራተኞች ሰፈር፣
እሑድ ጠዋት፣ የካቲት ፱