የበሩን ሞላ ላልነካው ዘውዴ

ዘውድዬ፣

ደህንነትህን እንዳልጠይቅህ፣ አንተ ባለህበት የሚያም ነገር የለም ይላሉ። ስለዚህ የኔን ልንገርህ። ገዳሪፍ ላይ አፈር ካለበስንህ ወዲህ ሁለት ፋሲካ ያላንተ አልፏል። የመጀመሪያውን እዚያው ከተፈናቃዩ ጋር ዋልኩት። ሁለተኛውን ግን እዚህ ካርቱም፣ አል-ማንሺያ፣ በአሠሪያችን በሐጃ ግቢ ውስጥ፣ በዚያችው በዘበኛ ክፍላችን ሆኜ ፈሰክሁ። አዎ፣ ተመልሻለሁ። ጦርነቱ ሲነሳ ቆልፈህ፣ ቁልፉን አንገትህ ላይ አስረህ የወጣህበትን ቤት መልሼ የከፈትኩት እኔ ነኝ።

መጥፎውን ላስቀድምልህ። የሚወሰድ ሁሉ ተወስዷል። አልጋችን የለችም። ሬዲዮህም የለችም፤ የወሰዳት ሰው ጣቢያ አያግኝባት። መብራት ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። ግቢው ውስጥ ያለው የኒም ዛፍ ግን ማንም ውኃ ሳያጠጣው ጥላው ሰፍቷል። ሐጃ ከልጃቸው ከሙእተዝ ጋር ከካይሮ መጥተዋል። ጉልበታቸው ስለደከመ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነው ቤቱን የሚያዙት። ባለቤታቸው ሐጅ እዚያው ካይሮ አርፈዋል፤ ምናልባት እስካሁን ተገናኝታችሁ ይሆናል።

ሙእተዝ ክፉ ልጅ አይደለም። ግን ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ወንድ ዘበኛ አመጣለሁ አለ። «ያ ብርቄ፣ ሴት ቤት ትጠርጋለች እንጂ ገፊር፣ ዘበኛ፣ አትሆንም» አለኝ ፊት ለፊት። ክፍላችንም ለሚመጣው ሰው ሊሆን ነው። ያኔ እኔ ከከተማው ዳር ወደ ማዮ ወርጄ የጭቃ ቤት ልፈልግ፣ በየቤቱ ልብስ ላጥብ ነው። ሐጃ ናቸው «ሽወያ ሽወያ፣ ቀስ በል፣ እስቲ እንያት» ብለው ያቆዩኝ። እንያት ሲሉ ምኑን ሊያዩ እንደፈለጉ አላወቅሁም ነበር። ለካ የሚታየው በዚያ በጋራዡ በር ኖሯል።

ያንን በር ታውቀዋለህ፤ ከኔ ይልቅ ያረጀኸው ከሱ ጋር ነው። ወደ ላይ ተነስቶ ጣራው ሥር የሚተኛው የብረት በር፣ ከወጣን ጀምሮ አልተከፈተም ነበር። ሙእተዝ መኪናውን ሊያስገባ ሲጎትተው እንደ ታመመ ግመል ጮኸና ቀጥ አለ። ባለሙያ ይጠራ አለ። ሐጃ ደግሞ «ዘውዴ ራሱ አልነበረም እንዴ የሚያሰናዳው?» አሉ። እኔም ሳላስበው «እኔ አሰናዳዋለሁ» አልኩ።

የመጀመሪያው ዓመት ትዝ ይልሃል? ለጾም ወጥ የገዛሁትን የሰሊጥ ዘይት እየሰረቅህ በሩን ስትቀባው? ሱዳኖቹ ለገላቸውም፣ ለፀጉራቸውም፣ ለወገብ ሕመምም ይህንኑ ዘይት ሲቀቡ አይተህ፣ ለሰው ወገብ የሆነ ለበር ማጠፊያ ምን ያንሰዋል ብለህ ነበር። ጥቂት ቀን ድምፁ ጠፋና አንተም ደረትህ አበጠ። ከዚያ ሀቡብ፣ ያ የአቧራ ማዕበል፣ ተነሳ። የካርቱም አቧራ ዘይት የት እንዳለ ማን እንደሚነግረው እንጃ! ገብቶ ተቦካ፣ በሩ የሚሄድበት ሐዲድ ላይ እንደ ሊጥ ተጋገረ፣ ጉንዳኑም ከነቤተሰቡ ሰፈረበት። በሩም ከበፊቱ ብሶ ጮኸ። እኔ ደግሞ ተናድጄ ያን ጾም በሙሉ ወጥህን ያለ ዘይት ሠራሁልህ፤ አንተም ምንም ሳትተነፍስ በላህ።

ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ይረግም ነበር። አንተ ግን ጀብራ ሰፈር ድረስ ሄደህ ኡስታ አደምን፣ የበር ባለሙያውን፣ አስተምረኝ አልከው። ከዚያ በኋላ ስትሠራ ማየት እወድ ነበር፤ ይህንን በሕይወት ሳለህ ደጋግሜ ነግሬሃለሁ፣ አሁንም ልድገመው። ሀቡብ ከመምጣቱ በፊት ግራና ቀኙን ሐዲድ ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ትወለውልና በደረቅ ጨርቅ ታደርቀዋለህ። ሐዲዱ ላይ ዘይት አይነካም፣ ግራሶማ ከናካቴው። ዘይቱ ለማጠፊያዎቹና ለኩሽኔታዎቹ ብቻ ነው፣ እሱም ጠብታ። የተረፈውን ትጠርገዋለህ። ከዚያ በሩን ከፍ ዝቅ እያደረግህ ጆሮህን አስጠግተህ ታዳምጠዋለህ። የሕፃን ልብ የሚያዳምጥ ሐኪም ትመስለኝ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያከበርኩህ ግን ባልሠራኸው ነገር ነው። በሩ የከበደ ጊዜ ሐጅ ከላይ ያለውን፣ በሩን ወጥሮ የያዘውን ትልቁን ሞላ «አጥብቀው» አሉህ። እጅህን ወደ ኋላህ አድርገህ ቆምክ። ይህ የኔ ሥራ አይደለም፣ የኡስታ አደም ነው አልካቸው። ሐጅ ተቆጡ፤ ዘበኛ በየመንገዱ ሞልቷል አሉ። ክፍሉ ውስጥ ሆኜ ስሰማ ነበር። አንተ አልጮህክም፣ አልተለማመጥክም፣ ከቆምክበትም አልተነሳህም። በመጨረሻ ኡስታ አደም ተጠራ። ስትገባ «ዘይት መቀባት ስለቻልኩ ሁሉን እችላለሁ ብዬ እጄን ባጣ፣ አንቺን ማን እንጀራ ያበላሽ ነበር?» አልከኝ። እችላለሁ የሚል ወንድ ብዙ አይቻለሁ። የሚችለውን እስከ ጫፉ ሠርቶ ጫፉ ላይ የሚቆም ግን ካንተ በቀር አላየሁም።

እናልህ፣ የቀሚሴን ጫፍ መቀነቴ ላይ ሸጉጬ ጀመርኩ። ሐዲዱን አንተ እንደምታደርገው አደረግሁት፤ ከውስጡ የወጣው አቧራ ሌላ ጓሮ ይሞላል። ማጠፊያዎቹ ጠብታቸውን አገኙ። ጩኸቱ ጠፋ። ግን በሩ ጉልበቴ ድረስ ብቻ ይነሳና ተመልሶ ይወድቃል። ሙእተዝ ከኋላዬ ሆኖ ያያል። «ሞላው ላልቷል፣ ማ ፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ብረት ላምጣልሽና አጥብቂው» አለ።

ዘውድዬ፣ ያኔ ምን እንደተሰማኝ አንተ ብቻ ታውቃለህ። አልችልም ካልኩ ሴት ገፊር አትሆንም ያለው ልክ ሊሆን ነው፤ ክፍሌም ሄደ። ብረቱን ከተቀበልኩ ደግሞ አንተ እምቢ ያልከውን ላደርግ ነው። «ዳ ማ ሹግሊ፣ ይህ የኔ ሥራ አይደለም፣ ኡስታ ይጠራ» አልኩት።

«ዘውዴ ቢኖር ያደርገው ነበር» አለኝ። እሱ ያኔ አገር ውስጥ አልነበረም፣ ምን ያውቃል? «ዘውዴም አላደረገውም» አልኩት። ሳቀና «ኸላስ፣ በቃ፣ እኔ አደርገዋለሁ» ብሎ መሰላሉን አቆመ፤ ብረቱንም ያዘ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ መሰላሉን አቅፌ አልለቅም አልኩ። ልጁ ከላይ ይጮሃል፣ እኔ ከታች እጮሃለሁ። ሐጃ ከበረንዳው «ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ ውረድ! ዘውዴ አባትህንም እንዲሁ አስቁሞት ነበር!» አሉ። ወረደ። ግን በዚያ ቀን አላናገረኝም፤ እኔም ልብሴን መቋጠር ጀመርኩ።

ኡስታ አደም በማግስቱ መጣ። ሸብቷል፣ ትንሽም ጎብጧል፤ ግን አለ። ያንተን ነገር ስነግረው መሣሪያውን መሬት አስቀምጦ «አላህ ይርሐሞ፣ ነፍሱን ይማር» አለ። ከዚያ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ሞላውን አየ። ሙእተዝን ጠርቶ አሳየው፤ ከውስጥ በኩል ተሰንጥቆ በጥቂት ብረት ብቻ ተያይዞ ነበር። ሊያጠብቀው ብረት ያስገባበት ሰው፣ ሞላው ሲበጠስ ብረቱ ተመልሶ ፊቱ ላይ ነው አለው። ሙእተዝ መዳፉን ፊቱ ላይ አሳልፎ ወደኔ ዞረ፣ እጁንም ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነኝ።

አዲሱ ሞላ ከገባ በኋላ በሩ በአንድ እጅ ተነሳ። ኡስታ አደም ሊሄድ ሲል ጣቱን በሐዲዱ ላይ አሳለፈና ጣቱን አየው። ንጹሕ ነው። «ይህ የዘውዴ እጅ ነው» አለ። እስከዚያች ሰዓት አላለቀስኩም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አልቻልኩም፣ ሐጃ እስኪጠሩኝ ድረስ አለቀስኩ።

ሙእተዝ ሊመጣ ለነበረው ሰው ስልክ ደውሎ እንዳትመጣ አለው። የቋጠርኩትን ፈትቻለሁ። አሁን ደጁ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ፤ ሽመልህ ስላልተወሰደች እሷን ይዤ ነው። ዘውዴ፣ በጣም ትናፍቀኛለህ፤ ይህንን ሳልሸፋፍን ልንገርህ። አልረሳህም ብዬ ልምልልህ ነበር፤ ግን መርሳት ብፈልግስ ማን ያስረሳኛል? ጎረቤቱ አንድ በአንድ እየተመለሰ ነው። እያንዳንዱ በመኪና ሲያልፍ ቀዝቀዝ ያደርግና ይህንን ቤት አሁን ማን ነው የሚጠብቀው ብሎ ይጠይቃል። የዘውዴ ሚስት እላቸዋለሁ፤ ያኔ መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ስላንተ ይጠይቁኛል፣ እኔም እነግራቸዋለሁ።

ያንተዋ ብርቄ