ያልነበረው መመሪያ

ውድ ቬርና፣

ፖስታው ላይ የእኔን ጽሕፈት ስታዪ ሳትከፍቺ ልትጥዪው ትችያለሽ፤ አልፈርድብሽም። ከከፈትሽው ግን ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ እንደ ልማዴ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። የእናትሽ ብርድ ልብስ ያንቺ ነው። ድሮም ያንቺ ነበር፤ እኔም ድሮውኑ አውቅ ነበር።

የባቡር ጣቢያውን ሙዚየም አድርገን የከፈትን ሰሞን በትራስ ልብስ ጠቅልለሽ አመጣሽልኝ። «ለሦስት ወር ብቻ ነው፤ ብርዱ ሳይገባ እወስደዋለሁ» አልሽኝ። ወረቀት አልተፈራረምንም፤ እኔና አንቺ መቼ ተፈራርመን እናውቃለን? ከዚያ ጎብኚው ሁሉ ሌላውን ዕቃ እያለፈ እሱ ፊት ይቆም ጀመር። ከስሩ የስንዴ ጆንያ፣ ከላዩ የአባትሽ የሠርግ ሱፍ በአራት ማዕዘን እየተቆረጠ የተሰፋበት፣ እናትሽ በዚያ የድርቅ ዘመን ስድስት ልጅ ያሞቀችበት። አንዲት አሮጊት ፊቱ ቆማ ስታለቅስ አየሁ። ሙዚየማችን እሱን ካጣ ምን ቀረው ብዬ ፈራሁ። አንድ ማክሰኞ ብቻዬን ሆኜ መዝገቡን አወጣሁና «ውሰት» ማለት ሲገባኝ «ስጦታ» ብዬ ጻፍኩ። የመዝገብ ቁጥሩንም በጥብጣብ ላይ ጽፌ ጠርዙ ላይ ሰፋሁት።

ወደ አደላይድ ከተማ ልትዛወሪ ስትይ ልትወስጂው መጣሽ። መዝገቡን ገልጬ አሳየሁሽ።

«ኤልቫ፣ ይሄ ያንቺ ጽሕፈት ነው። የእኔ ፊርማ የታለ?» አልሽኝ።

«የሙዚየሙ መመሪያ ነው፤ አንዴ የተመዘገበ ዕቃ አይወጣም» አልኩሽ፣ ዓይንሽን ሳላይ።

ቬርና፣ መመሪያ የሚባል ነገር አልነበረንም። አንድ ገጽ እንኳ አልነበረንም።

ይኸው ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ መመሪያውን እንድጽፍ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። ጣሪያችን ያፈሳል፤ የማሳደሻውን ገንዘብ ይሰጡናል ያልናቸው ሰዎች ደግሞ «ዕቃችሁን በምን ደንብ እንደምትቀበሉ፣ እንደምትጠብቁና እንደምታስወጡ በጽሑፍ አሳዩን» አሉን። ስለዚህ የኮሚቴው ሊቀመንበር ክላይቭ፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ የመጣችው ጡረተኛ ነርስ ብሮንዊንና እኔ በየማክሰኞው ዕቃውን አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር እያስተያየን ነው።

«ሰባት የቅቤ መናጫ ምን ያደርግልናል?» ትላለች ብሮንዊን።

«እኔ ያመጣሁትን እንዳትነኪ! ሌላውን እንደፈለግሽ» ይላል ክላይቭ።

«ይሄ ሰው ሠራሽ ጥርስስ የማን ነው?»

«እስቲ አፍሽን ክፈቺና ልለካልሽ።»

እንዲህ እየተሳሳቅን ብርድ ልብሱ ጋ ደረስን። ብሮንዊን «የዚህስ ወረቀቱ የታለ?» አለች። ክላይቭ ሰዓቱን እያየ፣ «ተይ ባክሽ፣ እዚህ ከኖረ ስንት ዘመኑ! ባለቤቱ ያልታወቀ በይውና እንለፍ» አለኝ። እንዲህ የሚል አንቀጽ ራሴ ጽፌያለሁ፤ ባለቤቱ ያልታወቀና ለዓመታት ጠያቂ ያላገኘ ዕቃ የሙዚየሙ ይሆናል ይላል። ብዕሩ እጄ ላይ ነበር። ብጽፈው ማንም አያውቅብኝም ነበር።

«ባለቤቷ ትታወቃለች» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

ክላይቭ መነጽሩን አወለቀ። «ይሄን ሁሉ ዓመት ያኮረፈችሽ በዚህ ነው? እኛ እኮ በኬክ ውድድሩ የተጣላችሁ መስሎን!»

ብሮንዊን አልሳቀችም። «መልሺላት» አለች። ድምፅ ሰጥተን ሦስታችንም እጃችንን አወጣን።

በደንብ ይዤልሻለሁ፤ ይህን ብቻ እመኚኝ። ብል እንዳይበላው በየዓመቱ ሁለት ጊዜ በላስቲክ ጠቅልዬ ሁለት ሁለት ሳምንት የቤቴ ፍሪዘር ውስጥ አኖረው ነበር። ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ሌስ የበግ ሥጋው ከፍሪዘር ወጥቶ ባየ ቁጥር «ቬርና ደግሞ መጣች?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔን ግን አያስቀኝም ነበር። አንቺ ከቀረሽ ወዲህ አብረን እንጠጣው የነበረውን የማክሰኞ ሻይ የምጠጣው ቶሎ ልጨርሰው ብዬ ነው። ናፍቀሽኛል ቬርና። በራሴ እጅ ነው ያጣሁሽ።

ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ስጽፈው መጨረሻው ላይ ምክር ደርድሬ ነበር፤ አትጠቢው፣ ፀሐይ አታስነኪው፣ በአንድ መስመር ደጋግመሽ አትጠፊው እያልኩ። ብሮንዊን አነበበችና «ኤልቫ፣ እየመለስሽላት ነው ወይስ እያዋስሻት?» አለችኝ። ቀደድኩት። ተኚበት፤ ከፈለግሽ እጠቢው፤ ውሻሽም ይተኛበት። ጥብጣቡን በመቀስ ፈትቼ ጥያለሁ።

የፊታችን ሐሙስ ጠዋት ክላይቭ በመኪናው ቤትሽ ድረስ ያመጣኛል። ሰዎች በር ላይ ካርቶን እየጣሉልን ስለሚሄዱ በአዲሱ መመሪያ ደጃፍ ላይ ተጥሎ የተገኘ ዕቃ አንቀበልም ብለናል፤ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ነው የሚተላለፈው። ስለዚህ እኔም ደጃፍሽ ላይ ጥዬው አልሄድም። ብርድ ልብሱን ታቅፌ እስክትከፍቺልኝ እቆማለሁ።

የበደልኩሽ ጓደኛሽ፣
ኤልቫ