አቶ ተሰማ ደስታ እና ዳገት ላይ የምትጠፋው መኪና

አቶ ተሰማ ከአባታቸው ከአቶ ደስታ ወልዴ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ እመቤት ኃይሌ፣ ከሸዋ ሮቢት በላይ ባለች የቀወት መንደር በ1905 ዓ.ም. ተወለዱ። በሰፈራቸው ቅዱስ ሚካኤል ዳዊት ከደገሙ በኋላ በአሥራ ስድስት ዓመታቸው አዲስ አበባ ሄደው በአንድ አርመናዊ ጋራዥ ተቀጠሩ። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የተማሩት እዚያ ነው። የአገራቸው የይፋት ሰው አቶ ጀይላን ኢብሮም በዚያው ጋራዥ ሹፍርና ተምረዋል።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት ሲገባ ወደ እናታቸው ተመለሱ። ታናሽ ወንድማቸው አቶ ንጉሤ፣ ማለትም የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አባት፣ ዱር ገቡ። እናታቸውን የሚጦር ስላልነበረ አቶ ተሰማ ቀሩ። በማግሥቱ ዓመት ጣሊያኖች ለመንገድ ሥራ ሰው ሲያፍሱ ተይዘው ድንጋይ ፈላጭ ሆኑ። ሙያቸውን ለማንም አልተናገሩም። ድንጋይ ፈላጭ እሑድ እሑድ ወደ ቤቱ ይለቀቃል፤ መካኒክ ግን ከጦር ሰፈሩ የሽቦ አጥር አይወጣም ነበር።

በሰፈሩ ወታደርና ስንቅ የምታመላልስ፣ ዛሬ ፒካፕ የምንላት ዓይነት አሮጌ መኪና ነበረች። ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ትሄዳለች። ወታደር ጭና ወደ ጣርማ በር ዳገቱን ስትወጣ ግን በድንገት ትጠፋለች። ወታደሮቹ ወርደው ሲገፏት ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። የሰፈሩ መካኒክ ባትሪውን ለወጠ፣ ካንዴላውን ለወጠ፣ አልሆነም። በታኅሣሥ 1930 ዓ.ም. ዳገቱ ላይ ቆማ አርበኞች ደረሱባትና ሁለት ወታደሮች ሞቱ። ሹፌሩ እኚያው ጣሊያኖች ለሹፍርና የያዟቸው አቶ ጀይላን ነበሩ። “ሆን ብለህ ነው የምታጠፋት” ተብለው ታሰሩ። በሦስት ቀን ውስጥ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ እንደሚሰቀሉ ተነገራቸው። እየተገረፉም የአቶ ተሰማን ሙያ አላወጡም።

አቶ ተሰማ ሁለቱን ቀን ድንጋይ ሲፈልጡ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መዶሻቸውን አስቀምጠው የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ዘንድ ሄዱና፣ “እኔ አያታለሁ” አሉ።

አቶ ጀይላን እጃቸው እንደታሰረ ሲያዩዋቸው በሹክሹክታ፣ “በአላህ ይሁንብህ ተሰማ፣ አላውቅም በል! ከገባህ አትወጣም” አሏቸው።

“አንዴ ተናግሬአለሁ፤ ከእንግዲህ መመለሻ የለውም” ሲሉ መለሱ።

እስከ ቀትር ሽቦውን ሁሉ በጣታቸው እየዳበሱ ፈተሹ። የተላጠም የተቆረጠም አላገኙም። ፀሐዩ ብረቱን አግሎት እጃቸው ተላጠ፤ ጊዜውም እያለቀ ነበር። በመጨረሻ፣ መኪናዋ በቆመች ቁጥር ወታደሮቹ የሚወርዱ መሆናቸው ትዝ አላቸው። ብልሽቷ የሚፈተሸው ሁልጊዜ ባዶዋን ሆና ነው ማለት ነው። ከባትሪው በጭነቱ ሥር አልፎ ወደ ሞተሩ በሚሄደው ሽቦ ጫፍ ላይ ትንሽ አምፖል አሰሩና መኪናዋን ዳገት ላይ አስቁመው ዐሥር ሰው ይውጣባት አሉ። ሰዎቹ ሲወጡ አምፖሉ ጠፋ። ሲወርዱ በራ። ደግመው አስወጧቸው፤ እንደገና ጠፋ።

ሽቦውን አውጥተው በሰፈሩ አዛዥ መኮንን ፊት ልባሱን በቢላዋ ሰነጠቁት። ልባሱ ደህና ነበር፤ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ከእርጅና ብዛት ተበጥሷል። ዳገት ላይ የመኪናዋ አጽም የሆነው ሻንሲ በጭነት ሲጎብጥ ጫፎቹ ይለያያሉ፣ ሲቀል ይገናኛሉ። “ልባሱን ሳይነካ ውስጡን የሚቆርጥ ሰው የለም በላቸው” አሉ አስተርጓሚውን። አቶ ጀይላን ከሞት ተረፉ። ነገር ግን መኮንኑ ሁለቱንም አልለቀቃቸውም። አንዱ ቢጠፋ ሌላው እንዲሰቀል አዞ እርስ በርስ ዋስ አደረጋቸው። አቶ ተሰማም ከሦስት ዓመት በላይ ከአጥሩ አልወጡም።

አገሬው “ባንዳ” አላቸው። ያበጇት መኪና ወንድማቸውን የሚያሳድዱ ወታደሮችን ስትጭን ቆመው ያዩ ነበር። በየካቲት 1931 ዓ.ም. እናታቸው ሲያርፉ ለአንድ ሰዓት ቢለምኑም ተከለከሉ። አስከሬኑ ቁልቁል ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወርድ ከአጥሩ ውስጥ ሆነው ተመለከቱ፤ ከዚያ የያዙትን ሥራ እንዲቀጥሉ ታዘዙ።

በሚያዝያ 1933 ዓ.ም. ጠላት ሲወጣ የአገር ሽማግሌዎች ስለ ባንዳነታቸው ጠየቋቸው። አቶ ጀይላን በሸንጎው ቆመው የሆነውን ሁሉ መሰከሩላቸውና አቶ ተሰማ በነፃ ተሰናበቱ። አባቴ ግን ሰባት ዓመት ደጃቸውን አልረገጡም። በ1936 ዓ.ም. አቶ ተሰማ ከወ/ሮ አስካለ ጋር ጋብቻ ሲፈጽሙም አልመጡም። በጀውሃ ጋራዥ ከፍተው ሲሠሩ፣ ልጆችም ሲወልዱ አባቴ በዚያ በኩል አያልፉም ነበር።

በ1940 ዓ.ም. ግን በእናታቸው ሙት ዓመት ቀን አባቴ የአቶ ተሰማ በር ላይ ቆመው፣ “እማማን ስንቀብር የት ነበርክ?” አሏቸው።

“አይቻችኋለሁ” አሉ አቶ ተሰማ። “ከፊት የተሸከምከው አንተ ነበርክ። ግራ እግርህን ታነክስ ነበር።”

አባቴ በዚያ ቀን ቆስለው በድብቅ መምጣታቸውን ከቀባሪዎቹ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ገብተው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተለያይተው በዓል አላከበሩም።

አቶ ተሰማ በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 8 ቀን 1971 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ከበቡሽንና ገብረሚካኤልን፣ አምስት የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸውን አቶ ንጉሤን፣ እንዲሁም ዛሬ ከአስከሬናቸው አጠገብ የቆሙትን ወዳጃቸውን አቶ ጀይላንን ትተዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።