ከንፈርዎን ስላላስነኩት ሻይ

ለተከበሩ ዶክተር ጋንሁያግ፣
የአውራጃችን ጤና ኮሌጅ ዲን፤
እንዲሁም ይህን በከተማችን ጋዜጣ ላይ ለሚያነቡ ሁሉ፤

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከረሙ? ብርዱ አጥንት ድረስ በሚዘልቅበት በዚህ ወር እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ገጠር ያሉት የወንድምዎ በጎችና ፈረሶችም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። መኪናዎም ጠዋት ጠዋት ያለ ግፊት እንድትነሳልዎ እመኛለሁ። ለጤናዎ የምጨነቀው ከልቤ ነው። እርስዎም ለራስዎ ጤና ምን ያህል እንደሚጠነቀቁ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

ምናልባት ከረሱኝ፣ ኖርጅማ ነኝ። በኮሌጅዎ ምግብ ቤት ጨው ያለውን የወተት ሻይ ሳፈላ፣ ሥጋ ሳደቅና ቡዝ የምንለውን ሥጋ በሊጥ ስጠቀልል ያረጀሁት ሴትዮ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ስህተት ቢያገኙ በቀይ እስክሪብቶ ያርሙልኝ። ጽሑፌ ከረዘመብዎም ይቅርታ፤ ዘንድሮ ጊዜ ተርፎኛል። ጊዜውን የሰጡኝ እርስዎ ስለሆኑ ከሁሉ አስቀድሜ ስለዚሁ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬን ለብቻ ቅሬታዬን ለብቻ ልጽፍ ሞክሬ ነበር፤ አንዱ ከሌላው እየተጣበቀ አላላቅቅ ቢለኝ እንዲሁ እንደመጣልኝ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ። ሕዝቡ ስለ ጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ ስለሚባለው ማለቴ ነው፣ ምን ያህል እንደሚያውቅ እንዲጠይቁ ተማሪዎችዎን ቤት ለቤት ስለላኩልን ከልብ አመሰግናለሁ። ጎረቤቴን ሽማግሌውን ዳምዲንን "አባባ፣ በአንድ ዋንጫ አብሮ መጠጣት በሽታውን ያስተላልፋል ወይስ አያስተላልፍም?" ቢሏቸው፣ "ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ጋር በአንድ ዋንጫ ጠጥቻለሁ፤ እስካሁን የተላለፈብኝ ስካር ብቻ ነው" ብለው መለሱ። ልጆቹ ስቀው ስቀው ሲያበቁ ወረቀቱ ላይ "አያውቅም" ብለው ሞሉላቸው። ከዚያ ተመሳሳይ ጥያቄ ለራሳቸው ለተማሪዎቹ ቀረበና ውጤቱ በኮሌጁ በር ላይ ተለጠፈ፤ ሕዝቡ ከግማሽ በታች፣ ተማሪዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉንም። እርስዎም በሬዲዮ ወጥተው "የሕዝባችን አመለካከት ገና ብዙ ይቀረዋል" አሉ። እውነትዎን ነው፤ ያን ዕለት እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ።

ለዚህ ብዙ ለሚቀረው ሕዝብ በባህል አዳራሹ ትምህርት ሲሰጥ፣ መድረኩ ላይ የቆመችው የልጄ ሚስት ኦድጀረል ነበረች፤ ሦስተኛ ዓመት የነርስ ተማሪዎ። ከእንጨት የተጠረበ፣ ውስጡ ብር የተለበጠ ዋንጫ ከፍ አድርጋ፣ "ይህ በሽታ በደም ይተላለፋል እንጂ በዋንጫ አይተላለፍም! አብራችሁ ጠጡ፣ አብራችሁ ብሉ፣ ልጆቻችሁን እቀፉ!" ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። ምራቴ በመሆኗ ብቻ አይደለም፤ ዋንጫውም የእናቴ ነበር፣ ጠዋት ከቤት አዋስኳት።

ሁለተኛ። ስለ ነፃ ምርመራው አመሰግናለሁ። ተማሪዎቹ ልምምድ ያስፈልጋቸዋል ሲባል እኛ የምግብ ቤት ሠራተኞች ቀድመን ተሰለፍን። አንድ ጉንጩ የቀላ ጎረምሳ ጣቴን ወጋና ትንሽ ጠብቆ፣ "እትዬ ኖርጅማ፣ ሁለት መስመር!" ብሎ ጮኸ፤ ልክ ሎተሪ እንደወጣልኝ። እኔም ጅሏ "ሁለት ጥሩ ነው እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩ። ከኋላዬ ተሰልፋ የነበረችው ሳህን አጣቢዋ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ኋላ ሆስፒታል ሄጄ ያየኝ ሐኪም፣ ቫይረሱ ከልጅነቴ ጀምሮ ደሜ ውስጥ እንደኖረ፣ ምናልባትም ከእናቴ እንደወረስኩት፣ ጉበቴ ግን ደህና እንደሆነ፣ በየጊዜው እየተመረመርኩ እንድኖር ነገረኝ። እርስዎ ግን የሐኪሙን ወረቀት ለማየት ጊዜ አልነበረዎትም፤ ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ አልተቀየምኩም።

ሦስተኛ። ተማሪዎችዎን ስላስተማሯቸው ጨዋነት አመሰግናለሁ። ማንም ፊቴ ላይ ክፉ ቃል አልተናገረም። "እትዬ፣ ዛሬ ጠግበናል።" "እትዬ፣ ሻይ ትቻለሁ፣ ለፊቴ ቆዳ ጥሩ አይደለም አሉኝ።" "እትዬ፣ ቡዝ ከእናቴ ዘንድ ተልኮልኛል፣ እንዳትቀየሚኝ!" ምድረ ተማሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዴት አብሮ ጠገበ? የሻይ ድስቴ ሞልቶ እንደወጣ ሞልቶ ይመለሳል። አንዷ፣ በጥያቄው ሁሉንም የመለሰች ተብላ ስሟ በር ላይ የተለጠፈላት፣ የራሷን ኩባያ በከረጢት ይዛ መምጣት ጀመረች። እርስዎም ጠርተውኝ፣ "ነገሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቤትዎ ትንሽ ይረፉ" አሉኝ። ደግ ነዎት። አርፌያለሁ። የቀዘቀዘው ግን እስካሁን ምድጃው ብቻ ነው።

አራተኛ። ይህን ባልጽፈው ደስ ባለኝ፤ ግን ደብዳቤው የተጻፈው ለዚሁ ነው። ምርመራው በተደረገ ማግስት እንደ ልማዴ የመምህራኑ ስብሰባ ላይ ሻይ ይዤ ገባሁ። በሁለት እጄ አቀረብኩልዎ። እርስዎም "ዛሬ ሆዴ አልተመቸኝም" ብለው በአንድ ጣትዎ ጫፍ ዋንጫውን ገፋ አደረጉት። ክቡር ሆይ፣ ይህን ለእርስዎ ማስረዳቴ ነውር ነው፤ እኛ አገር የማይጠጣ ሰው እንኳ የቀረበለትን ከንፈሩን አስነክቶ ይመልሳል። መሐላ ያለበት፣ ሐኪም የከለከለው፣ ከባለቤቱ ጋር የተጣላም ቢሆን ከንፈሩን ያስነካል። እርስዎ ከንፈርዎን እንኳ አላስነኩትም። እኔ ይህን እችለው ነበር፤ ብዙ ነገር ችያለሁ። ነገር ግን ከጀርባዎ ኦድጀረል ወረቀት ስታድል ነበር። ወረቀቶቹን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። ዋንጫውን አየች፤ ጣትዎን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝና ዓይኗን ሰበረች። በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ትምህርት እንደሰጧት አላውቅም። ያን ዕለት የሰጧት ግን ገብቷታል።

አምስተኛ። ቤቴ ውስጥ ስለሆነው።

የእናቴ ዋንጫ ወገቡ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል፤ ከሌሎቹ ጋር እንዳይደባለቅ። ማን እንዳሰረው አልጠየቅኩም፤ ልጄ ቱቭሺን የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ሰሞኑን ቤት አልነበረም፣ ድመቷም ክር አታስርም። የልጅ ልጄ አኑጂን ገና መቀመጥ መጀመሯ ነው። በተወለደች ዕለት የዚህኑ በሽታ ክትባት የተወጋችው፣ እናቷ "ቶሎ በሉ፣ ይህን እንዳትረሱ" ብላ አዋላጆቹን እያስቸገረች ነበር፤ እኔ እዚያው ነበርኩ። አሁን ሕፃኗ ስታየኝ ሁለት እጆቿን ትዘረጋለች። እኔ ደግሞ እጆቼን ከኋላዬ አድርጌ ምላሴን አውጥቼ አስቃታለሁ። የልጅ ልጅን አናቷን ካላሸተቱ አያት መሆን ምኑ ላይ ነው?

አንድ ቀን ደፈርኩና፣ "ኦድጀረል፣ አዳራሹ ውስጥ ያልሽውን እኮ እኔም ሰምቻለሁ" አልኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። ጥጉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። "እማዬ፣ አውቃለሁ። ከማንም በላይ አውቃለሁ። ግን ልጄ ናት። እነሱስ፣ ዶክተሩ እንኳ፣ የሚያውቁት ነገር ባይኖር ነው እንዲህ የሚሸሹት?" አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማረች ሴት ምን ብላ ትመልሳለች? "እነሱም የሚያውቁት አንቺ የምታውቂውን ነው፤ የገፉት በዕውቀት አይደለም" ልላት ነበር። ግን ከእኔ አፍ ቢወጣ ዋጋ የለውም፤ እኔ ባለሁለት መስመሯ ነኝ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ሌሊት ተነስታ እሳቱ እንዳይጠፋብኝ ከሰል የምትጨምርልኝ እሷው ናት። እንድቆጣት እንኳ አልመቸችኝም።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ሥራዬን አልልም፤ እሱን እንደፈቀዱ ያድርጉት። የዘመን መለወጫችን፣ የነጭ ወር በዓል፣ እየመጣ ነው፤ ለአኑጂን የመጀመሪያዋ ነው። የበዓሉ ዕለት ሕፃን ወደ አያቱ ቀርቦ አናቱ ይሸተታል፣ ይመረቃል፤ እንዲያ ነው ሰው የሚሆነው። ያን ዕለት ጠዋት ከሁሉ ቀድመው ቤቴ ይምጡልኝ። ንግግር አያስፈልግም፤ ወረቀትም አያምጡ። እኔ ከእናቴ ዋንጫ ግማሹን እጠጣለሁ፤ እርስዎ ኦድጀረል እያየች የቀረውን ይጠጡ። በቃ። የነገሯትን ሳይሆን ሲያደርጉ ያየችውን ነው የተማረችው፤ ሲያደርጉ ካየችዎ ደግሞ ታምናለች። ሆድዎ ያን ዕለት ካልተመቸዎ ከንፈርዎን ብቻ ያስነኩ፤ እሱም ይበቃኛል።

ካልመጡም ደግሜ አላስቸግርዎትም። ከእርስዎ ወዲያ የማንኳኳው በር አላውቅም። እንደ ሰሞኑ እጆቼን ከኋላዬ አድርጌ በዓሉን እውላለሁ።

የዕድሜና የማዕረግ ባለጸጋ ያድርግዎ፤ በጎቹ ይርቡ፣ ደመወዝዎ ይጨመር፣ የተማሪዎችዎም ውጤት በሚቀጥለው ዓመት ጭራሽ መቶ በመቶ ይግባ እያልኩ፣ ከጤናዎ በፊት ጤናዬን ያላስቀደምኩ የቀድሞ ሻይ አፍይዎ፣

ኖርጅማ

ይድረስ ለራስዎ ብቻ፦ በጋዜጣው ከወጣው ሌላ በእጅዎ የሚደርስዎትን ይህን ፖስታ የዘጋሁት ማጣበቂያ ስላልነበረኝ በምላሴ አርጥቤ ነው። አያስጨንቅዎትም፤ መልሱ ተማሪዎችዎ ሁሉም በትክክል በመለሱት ጥያቄ ውስጥ አለ። ደብዳቤዬ ሳይከፈት ከተመለሰልኝ ግን፣ ለኦድጀረል ምን ብዬ እንደምነግራት እባክዎ በሌላ ሰው በኩል ይላኩልኝ።