ሞተር ጠፍቶ የተሰጠ ቃል

ጥቅምት 3
ሶፋ ሳለብስ ዋልኩ። ከሰዓት ፍቅረኛዬ ሚጡ ወርክሾፕ መጣች። «ዛሬ ነገ እያልክ ልታስረጀኝ ነው?» እውነቷን ነው። ልጅዎን ስጡኝ ልል አባቷ ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል፤ ምን ላድርግ? ጡረታ የወጡ አብራሪ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው እሷ ብቻ ናት።
«ቅዳሜ በትንሿ አውሮፕላኑ ይዞህ ይውጣ። እዚያ ላይ ጥሎህ አይሄድም» አለች።

ጥቅምት 7
አለሁ። እግዜር ይመስገን፣ አለሁ።
አየር ላይ ሆነን ገና «ጋሼ፣ ስለ ልጅዎ...» ማለት ስጀምር ሞተሩ ቀጥ አለ። ጸጥ።
«ምን አልክ?»
«ላገባት... ማለቴ፣ ከፈቀዱ...»
«ውሰዳት! ውሰዳትና አፍህን ዝጋ!»
ሜዳ ፍለጋ ላይ ነበሩ። ያገኙት የመንጃ ፈቃድ መፈተኛ ሜዳ ሆነ። ኮኖቹን ሁሉ ጠራርገን ቆምን። ፈታኙ እየሮጠ መጣ። ተርፋችኋል ወይ እንኳ አላለም። «በመውጫው ገባችሁ! ፍሬቻም አላሳያችሁም! በዚህ አነዳድ አላሳልፍዎትም።»
ጋሼ ከሞተሩ ይልቅ ይሄ አንገበገባቸው። «ድጋሚ ፈትነኝ!» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ጥቅምት 8
ቃላቸውን አጠፉ። «ሞተር ጠፍቶ የተባለ አይቆጠርም።»
ሚጡም አኮረፈች። «ልትሞት ስትል ነው ያማርኩህ?»
ከሁለት ያጣ ጎመን ሆንኩ።

ጥቅምት 15
አውሮፕላኗ እዚያው ቆማለች። መካኒኩ መለዋወጫ አጥቷል። ፈታኙም አልሰነፈ... ሰዉን ከጎኗ በኋላ ማርሽ መኪና ማቆም ይፈትንባታል። ጋሼ በየቀኑ ሄደው ውስጧ ይቀመጣሉ አሉ። ክንፏ እንዳይገጭ? እንጃ።
ሚጡ ትንሽ በርዳለች። ግን ያለ አባቷ እሺታ ንቅንቅ የለም።

ጥቅምት 19
ሄድኩ። የአውሮፕላኗን በር አንኳኳሁ።
«ግባ። ቀበቶህን እሰር።»
መሬት ላይ! አሰርኩ።
«ጋሼ፣ ዛሬም ያንኑ ነው የምለው።»
መሪያቸውን ጨበጡ። አንዲት ተፈታኝ ወደ ኋላ ስትመጣብን ሁለታችንም እግራችንን ሰበሰብን።
«ያን ቀን ሞት አልታየኝም» አሉ በመጨረሻ። «ቤት ገብቼ ሚጡ ብዬ ስጣራ አቤት የሚል ሳጣ ነው የታየኝ።»
እንባዬ መጣ። የጠሉኝ መስሎኝ ነበር እኮ።
«ውሰዳት። ብቻ ሩቅ አትሂዱብኝ።»
«የተከራየሁት ቤት ከእርስዎ ሁለት ፌርማታ ነው ጋሼ።»
በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። «አንድ ቢሆን ምን ነበረበት?»
ነገ ሌላ ቤት ፍለጋ እወጣለሁ።