ከደሴ ያልመጣችው ክር

ሰይዴ፣ አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህ። ከተለየኸን ሦስተኛው ክረምት ገባ። ጣሪያው ዛሬም በዚያው በጓዳ በኩል ያፈሳል። ልጃችን ራህማ ትምህርቷን ጨርሳለች፤ ላሚቱም ወልዳለች። እኔ ደህና ነኝ፤ ያስቸገሩኝ አድናቂዎችህ ናቸው።

ሳይመጡ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ከከላላ በበቅሎ፣ ከአጅባር በመኪና፣ ጊታራቸውን አዝለው ይመጣሉ። በር ላይ ቆመው ያለቅሱና ምሳ በልተው፣ አንተን ለእኔ ማስተዋወቅ ይጀምራሉ። ዘፈንህን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል። ጊታራቸው ግን እንዳንተው ጊታር ባለ አምስት ክር ነው፤ ከስድስቱ ቀጭኗን እያወቁ ይፈቷታል። አንድ የደጎሎ ልጅማ፣ ሰይዴ ቀጭኗን ክር የተዋት ዓለምን ንቆ ነው አለኝ። ሳቄን በሻርፔ ሸፈንኩ።

ዓለምን ንቀህ! ደጎሎ ሠርግ ላይ ተበጠሰችብህ እንጂ። መካነ ሰላም ተፈልጋ ታጣች፤ ደሴ ስሄድ እገዛለሁ አልክ። ሄድክ፤ ለእኔ ይህን ሻርፕ ይዘህ መጣህ። ደግመህ ሄድክ፤ ተምር ይዘህ መጣህ። ክሯስ ስልህ ግንባርህን በመዳፍህ መታህ። እያደር እጅህ አምስቱን ለመደና ነገሩ ቀረ። አምባሰል ስትጫወት ጣትህ በሁለተኛው ክር ላይ ወደ ጊታሩ ሆድ ሸርተት የምትለው፣ ሰው ሁሉ የሚያብድላት፣ የጎደለውን ድምፅ ፍለጋ ነበር። ማማሯን አልክድም። እኔም ስሰማት ወጡ ያርርብኝ ነበር።

በዚህ ቢበቃቸው ዝም ባልኩ። ራህማን ያዟት እንጂ። ካንተ ወዲህ ጊታርህን የምትጫወተው እሷ ናት፤ ክሯን በሹፌር ከደሴ አስመጥታ አሰረችበት። ይህን ሲሰሙ ተሰብስበው መጡ፤ የአባትሽን እጅ አታበላሺ፣ ፍቺያት አሏት። ልጅቱ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ሳትነካው ከረመች። ቤቱ ጭር አለ። ሞትህን ያኔ እንደ አዲስ ሰማሁት።

ባለፈው ሳምንት ሰደቃህን አወጣን። ሼሆቹ ዱዓ አድርገው ከሄዱ በኋላ ጊታሩን አውርጄ ለራህማ ሰጠኋት። ለሰደቃው ለመጡት አድናቂዎችህም የክሯን ነገር፣ ሻርፑንም ተምሩንም ሳላስቀር ነገርኳቸው። የደጎሎው ልጅ አላምንም አለ። ሠርጉ የአክስትህ ነበር፣ ሂድና ጠይቃት አልኩት። አቀረቀረ።

ራህማ በስድስቱም ክር አምባሰል ተጫወተች። አጨዋወቷ የራሷ ነው፤ ያንተን አይመስልም። መጨረሻው ላይ ግን ቀጭኗ ክር እያለችላት፣ ወዳ፣ አንዴ ብቻ በሁለተኛው ላይ ጣቷን ሸርተት አደረገችው። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። ወዲያው ደግሞ፣ ይኸው፣ ቀጭኗ አታስፈልግም ብለን አልነበር! አሉኝ። ምን ልበላቸው፣ ሰይዴ?

እንግዲህ እነሱ ዓለምን የናቀውን ሰውዬ ያስታውሱ። ራህማ አሁን ማታ ማታ ትጫወታለች፤ ክሯንም የሚፈታት የለም። እኔ ሻርፑን እስኪያልቅ እለብሰዋለሁ። ደሴ ድረስ ሄደህ ክሯን ረስተህ እኔን አስታውሰሃል፤ እኔም አልረሳህም።