የተበላው ቴስታታ

ኅዳር ፫ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.፣ መቱ

ለወልደ የሱስ፣ ከወልደ የሱስ። ማዕድ ከሚጋራህ ከሾፌሩ ከፍስሐ በቀር የሚሰማህ ስለሌለ፣ እርሱም ዛሬ ተቀይሞ ስለ ሄደ፣ ለራስህ ተጻፈ።

በጋራዤ የፍስሐን የጭነት መኪና ሞተር ከፈትሁ። ክዳኑ፣ ቴስታታው፣ በውኃው መተላለፊያ በኩል ብል እንደ በላው ብራና ሆኗል። ራዲያተሩ ሲያፈስበት፣ ቀዳዳውን እንዲደፍንለት በሶ በወንዝ ውኃ እየበጠበጠ ሲጨምር ከርሟል።

«በሶ ለሰው እንጂ ለመኪና ማን አዘዘ?» አልሁት።

«አቦ ጋሼ፣ ተርፎኝ መሰለዎት? ተካፍለን ነው!»

ቴስታታው ጅማ ሄዶ በብየዳ ይሞላ፣ ፊቱ በማሽን ይስተካከል አልሁ።

«እስከዚያ የሰው ቡና ሜዳ ላይ ይበስብስ? ማስቲሽ ቀብተው ይግጠሙልኝ።»

ቡና ነጋዴዎቹ ቆመው ይሰማሉ። «መኪናህ አንተን ይመስላል፤ ከላይ የተወለወለ፣ ከውስጥ የተበላ» አልሁት። ሳቁ። እርሱ አልሳቀም። መኪናውን ወደ ደበሳ ጋራዥ አስጎተተ።

ኅዳር ፰

ደበሳ በማስቲሽ ደፍኖለታል። ፍስሐ በደጄ አለፈ። ማለዳ ማለዳ በክላክስ ይሳለመኝ ነበር... ዛሬ የለም።

ኅዳር ፲፬

የሁሩሙ ገበያ። ጢም አድርጎ ጭኖ አለፈ። የሞተሩ ድምፅ ደኅና ነው። ተሳስቼ ይሆን? አልተሳሳትሁም። ታዲያ ጆሮዬ ስለ ምን መንገድ ላይ ይውላል? ራቴን አሁንም ለሁለት ነው የማቀርበው። ግማሹ ይመለሳል።

ኅዳር ፳፩

የፍስሐ መኪና ቡሬ ዳገት ላይ ቆመ። ማስቲሹ በግለት ለቆ ውኃው ሞተሩ ውስጥ ገብቷል። ሰው አልተጎዳም፤ ተመስገን። ደበሳ «ደፍኜ ሰጠሁት እንጂ ዳገት ውጣበት አልሁት?» ብሏል አሉ።

ደስ አለኝ። ምሳ ሳይደርስ ደስታው አለቀ። ፍስሐ መኪናውን እየጠበቀ እዚያው ያድራል። ወደ እኔ ግን አልላከም...

ኅዳር ፳፪

ሚስቱ ዘቢደር መጣች። ተቀመጪ ብላት እንቢ አለች።

«ስለ ብረቱ እውነት ተናግረዋል፣ ጋሼ። ባሌን ግን በሰው ፊት ነው የሰነጠቁት።»

ማታውኑ መፍቻዎቼን ሰበሰብሁ። በቅኔ ቤት የተሳለ ምላሴ ለዚህ ኖሯል...

ኅዳር ፳፫

መፍቻዎቼን ይዤ በጭነት መኪና ቡሬ ሄድሁ። ቴስታታውን እኔው ራሴ ጅማ ላደርሰው። ፍስሐ ጎማው ሥር ተቀምጧል። አልተነሣልኝም።

«በነጋዴዎቹ ፊት የተናገርሁህን፣ በእነርሱው ፊት አነሣልሃለሁ» አልሁት።

ሞተሩን ፈታሁ። ቴስታታውን በጆንያ ስጠቀልል ቀና አለ።

«ጋሼ፣ ያለኝ በሶ ብቻ ነው። እንካፈል?»